የፍላይ ማጥመድ ክለቦች ስብሰባ ላይ ሜዳና ጠረጴዛ ተሰጥቶናል፤ እንዴት እናሰናዳው?

ፖቶማክ_ዳር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በመጪው ጸደይ ሜሪላንድ ውስጥ የአካባቢው የፍላይ ማጥመድ ክለቦች አንድ ላይ የሚገናኙበት ቀን አለ፤ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር። አዘጋጆቹ ለሐበሾቹ ቡድን ሁለት ሥራ ሰጥተውናል። አንዱ ሜዳ ላይ ጀማሪዎችን ውርወራ ማለማመድ፣ ሌላው አዳራሽ ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ይዞ ፍላይ ማሠር፣ ማለትም ላባና ክር መንጠቆ ላይ ጠቅልሎ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ መሥራት፣ ማሳየት ነው። የሚመጡት አብዛኞቹ ዘንግ ጨብጠው የማያውቁ ቤተሰቦች ናቸው፤ ከ8 ዓመት ልጅ እስከ አያት።

በእጃችን ያለው ባለ 9 ጫማ 5 ዌት ዘንግ አራት፣ 8 ዌት ሁለት (ዌት ዘንጉ የሚወረውረው ገመድ የክብደት ደረጃ ነው)፣ ሞርሳ (መንጠቆውን ነክሶ የሚይዝ) አራት፣ ማስተማር የሚችል ሰው ደግሞ አምስት ነው። ሜዳውን እንዴት እንከፋፍለው? በአንድ ዙር ስንት ሰው እናስገባ? መጀመሪያ የሚታሠረው ፍላይ የቱ ቢሆን ይሻላል? ላባ ከመግዛት ለበዓል ከሚታረደው ዶሮ ብንሰበስብ ያስኬዳል? ከሰዓት በኋላ "ወንዝ እናውርዳቸው" የሚሉም አሉ፤ የፈቃዱ ነገርስ?

ላላ_ሉፕ

ከሜዳው ልጀምር፤ ሰው የሚጎዳውም፣ ሰው የሚማረከውም እዚያ ነው።

በፍላይ ማጥመድ የሚወረወረው ክብደት ላይኑ፣ ወፍራሙ ገመድ፣ ራሱ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ፍላይ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሜዳ ላይ መንጠቆ ፈጽሞ አታስገቡ፣ ጫፉ የተቆረጠ እንኳ ቢሆን። ብርቱካናማ ወይም ቢጫ የሱፍ ክር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ ሊደሩ (ከላይኑ ጫፍ የሚቀጠለው ቀጭን ናይለን) ጫፍ ላይ እሰሩ። "ለልምምድ ነው" ብሎ ባዶ ሊደር መወርወርም አይሆንም። አየር የሚይዝ ነገር ከሌለው ጫፉ እንደ አለንጋ ይጮኻል፣ ጀማሪውም የት እንዳረፈለት አያይም። ኮፍያና መነጽር ግን ያለ ድርድር ይሁን፤ ክር እንኳ ቢሆን ዓይን ላይ ካረፈ ዓይን ነው።

ለሣር ውድ ሊደር አትግዙ። ከተራ ናይለን ባለ 20 ፓውንዱን 4 ጫማ፣ ባለ 12ቱን 2 ጫማ፣ ባለ 8ቱን ጫማ ተኩል ቆርጣችሁ ሰርጅን ኖት በሚባለው ቋጠሮ ቀጥሏቸው። ሰባት ተኩል ጫማ ይሆናል፤ ለጀማሪ ይበቃዋል። ላይኑም አሮጌ ይሁን፤ ሣርና አሸዋ ሽፋኑን ይፍቀዋል። አስፋልት ላይ ከተጎተተማ አንድ ቀን ብቻ በቂው ነው፤ ቦታ ጠቧቸው ወደ መኪና ማቆሚያው ሊገፏችሁ ከሞከሩ እምቢ በሉ።

ቦታውን በዚህ ልኩት፦ ለአንድ ሰው 4 ሜትር ስፋት፣ ከፊቱ 15 ሜትር፣ ከጀርባው 15 ሜትር። የሚረሳው የጀርባው ነው። ሰው ሁሉ ወደ ፊት ብቻ ያስባል፤ ላይኑ ግን ወደ ፊት የሄደውን ያህል ወደኋላም ይዘረጋል። ከኋላ በኩል ገመድ ዘርግታችሁ አንድ ሰው አቁሙ፤ ጋሪ የሚገፉ እናቶችና ቡና የያዙ ሰዎች የሚያቋርጡት በዚያ ነው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙር። ግራኝ ካለ ከሰልፉ በግራ ጫፍ ይቁም፣ የዘንጉ እጅ ወደ ውጭ እንዲሆን። አቅጣጫውን የምትመርጡት ጠዋት ነፋሱን አይታችሁ ነው። ነፋሱ ከቀኝ ትከሻ በኩል ከመጣ ላይኑን የቀኝ እጅ ወርዋሪው ፊት ላይ ይመልሰዋል፤ ከግራ እንዲመጣ አድርጋችሁ አዙሯቸው።

በአንድ ዙር አራት ሰው፣ ሁለት አስተማሪ፣ 20 ደቂቃ። ስድስት ዘንግ አለን ብላችሁ ስድስት አታስገቡ። 8 ዌቱ ለ8 ዓመት ልጅ ይከብዳል፤ ለትልልቆቹ ወይም አንዱ ሲወሳሰብ ለመለወጫ ይቀመጥ። መወሳሰቡ አይቀርም።

ትምህርቱ አጭር ይሁን። 25 ጫማ ላይን አስቀድማችሁ ፊታቸው ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉላቸው፤ ላይኑን ከሪል ማውጣት አታስተምሩ፣ ግማሹን ሰዓት ይበላባችኋል። አውራ ጣት ከመያዣው በላይ፣ የዘንጉ ጫፍ ሣሩን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ። ቀስ ብሎ ማንሣት፣ ፍጥነት እየጨመሩ መሄድ፣ ዘንጉ ከጆሮ ትንሽ አለፍ ሲል ቀጥ አድርጎ ማቆም። ከዚያ መጠበቅ፤ ላይኑ ከኋላ እስኪዘረጋ። ዞር ብለው እንዲያዩት ፍቀዱላቸው፤ ማየት ነውር አይደለም። ከዚያ ወደ ፊት በተመሳሳይ መንገድ፣ ከዓይን ከፍታ በላይ ቀጥ፣ ቀጥሎ ጫፉን ዝቅ ማድረግ። በቃ።

የሚበላሸው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። የኋላው ላይን መሬት የሚመታ ከሆነ የእጅ አንጓው ታጥፏል፤ የዘንጉን ቂጥ እጅጌው ውስጥ አስገቡለት ወይም በቬልክሮ ከክንዱ ጋር እሰሩለት፣ በአምስት ውርወራ ይገባዋል። የጅራፍ ድምፅ ከተሰማና የሱፍ ክሩ ከጠፋ ቸኩሎ ወደ ፊት መልሶታል። ዘንጉን ሲያነሣ ላይኑ ወዲያው ካልተከተለው ደግሞ ጫፉን ከፍ አድርጎ ጀምሯል፤ የማንሣቱ ግማሽ የላላውን ላይን ለመሰብሰብ ብቻ ያልቃል። ላይኑ ራሱን እያቋረጠ ሊደሩ ላይ ቋጠሮ የሚያበዛ ካለ ወደ ፊት ሲመልስ ጉልበቱን ባንዴ ያፈስሰዋል። እሱን "ቀስ በል" ብትሉት አይጠቅመውም፤ "እየጨመርክ ሂድ" በሉት።

አራት ሁላ ሁፕ ከ20 እስከ 30 ጫማ ርቀት ላይ ጣሉላቸው። ዒላማ ሲኖር ርቀት ማሳደዱን ይተዋሉ፤ በተለይ አባቶች።

ባለሞርሳው

የጠረጴዛው ድርሻ የእኔ ይሁን። አንድ ፍላይ ብቻ አሳዩ፣ እሱም ውሊ በገር ይሁን። በ1967 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ራስል ብሌሲንግ የሠራው ነው፤ በፖቶማክ ያለው ስሞልማውዝ ባስም ትራውቱም ብሉጊሉም ይበላዋል። ትልቅ ስለሆነ የልጅ ጣት ይችለዋል፣ ቢንሻፈፍም ዓሣ ይይዛል። ደረቅ ፍላይ (ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን) ጀማሪ ላይ መጫን ሰውን ከሞርሳ ማባረር ነው።

ሞርሳ አራት ካለ በአንድ ዙር አራት ሰው፣ 45 ደቂቃ። ከዚያ ያነሰ ሰዓት አትስጡ። ከቀናት በፊት ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ዚፕ ከረጢት አሰናዱ፦ ቁጥር 8 ረጅም የስትሪመር (ትንሽ ዓሣ የሚመስል ፍላይ) መንጠቆ ሁለት (አንዱ መጠባበቂያ)፣ አንድ ጥቁር ወይም የወይራ ቀለም ማራቡ (በጣም ለስላሳ ላባ)፣ መካከለኛ ሸኒል (ጸጉራም ወፍራም ክር) 6 ኢንች፣ አንድ የአውራ ዶሮ ላባ፣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ 6 ኢንች። ክሩ 6/0 (የውፍረት ቁጥሩ ነው) ሆኖ ከመያዣው ቦቢን ጋር ጠረጴዛው ላይ ይቆያል። ከረጢቱ ካልተሰናዳ አስተማሪው ቀኑን ሙሉ ላባ ሲመርጥ ይውላል።

መንጠቆው ጫፍ ሥር ያለችውን ወደኋላ የምትመለስ እሾህ ከማሠራችሁ በፊት በጠፍጣፋ ፒንሳ ጨፍልቁ። መንጠቆ ሲጨፈለቅ የሚሰበር አለ፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ከሚሰበር ባዶውን ይሰበር።

አሠራሩ፦ ክሩን ከመንጠቆው ቀዳዳ ሁለት የቀዳዳ ስፋት ያህል አርቃችሁ ጀምሩና እስከ ኩርባው ድረስ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። ይህ መሠረት ከሌለ በኋላ ሁሉም ነገር መንጠቆው ላይ ይሽከረከራል። ማራቡውን በምራቅ ወይም በውሃ አርጥቡት፣ ያኔ ነው ትክክለኛ ርዝመቱ የሚታየው። ጅራቱ የመንጠቆውን ግንድ ያህል ይርዘም። ከዚያ ካለፈ ሲወረወር ኩርባው ላይ ይጠመጠማል፣ ዓሣውም ጅራቱን ነክሶ ይሄዳል። የማራቡውን ትርፍ ባሠራችሁበት ቦታ አትቁረጡት፤ እስከ ፊት ድረስ ግንዱ ላይ አስተኝታችሁ እሰሩት፣ አካሉ እኩል ይሆናል። ቀጥሎ ሽቦውን፣ ሸኒሉን ጅራቱ ሥር እሰሩ። ክሩን ወደ ፊት መልሱ፣ ሸኒሉን ጠቅልሉ፣ ፊት ላይ እሰሩና ቁረጡ። ላባውን ፊት ላይ ከወፍራሙ ጫፍ አሥራችሁ ወደኋላ በአራት በአምስት ዙር ውሰዱት፤ ሽቦውን በተቃራኒ አቅጣጫ ላባው ላይ እያሻገራችሁ ወደ ፊት አምጡት። ሽቦው የላባውን አጥንት ስለሚይዘው የዓሣ ጥርስ ቢበጥሰውም አይፈታም።

ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሳሳተው ፊት ላይ ነው። ቦታ አይተዉም፣ ቀዳዳው በሸኒልና በክር ይደፈናል፣ ከዚያ ወንዝ ዳር ሊደር አልገባ ይላል። መንጠቆው ላይ በቋሚ ቀለም ምልክት አድርጉላቸው፣ "ከዚህ አትለፉ" ብላችሁ።

ለመጨረሻው ቋጠሮ ዊፕ ፊኒሽ የሚባለውን መሣሪያ አታውጡት። የቢክ እስክሪብቶ ቀፎ በቂ ነው። የቀለሙን ቱቦ አውጡ፣ ክሩን ቀፎው ጫፍ ላይ አንድ ጊዜ አዙሩ፣ የቀፎውን ቀዳዳ መንጠቆው ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ ክሩን አንሸራትቱት፣ ሳቡ። አራት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ጠብታ ጥርት ያለ የጥፍር ቀለም። ልጆቹ ቀፎውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ቤታቸውም መሣሪያ አላቸው ማለት ነው።

ሞርሳው ሥር ነጭ ወረቀት፣ ለሁለት ሰው አንድ መብራት፣ ማራዘሚያ ገመድ። የአዳራሽ መብራት ብቻውን አይበቃም፤ አያቶቹ ጥቁር ክር ጥቁር ማራቡ ላይ አይታያቸውም። ለእነሱ ነጭ ወይም ቀይ ክር ስጧቸው።

ካቶክቲን_ጫካ

ስለ ወንዙና ስለ ላባው።

ሜሪላንድ ውስጥ ከ16 ዓመት ጀምሮ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ትራውት የሚያዝበት ልዩ ቦታ ከሆነ የትራውት ስታምፕ ይጨመራል። ዋጋው ስለሚቀያየር ከዲኤንአር (የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ እዩ። መንጠቆ ሳይኖር ሣር ላይ መወርወር ፈቃድ አይጠይቅም። የዲሲውና የቨርጂኒያው ፈቃድ የየራሱ ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ የሚመጣ ሰው "አለኝ እኮ" ቢላችሁ የየት መሆኑን ጠይቁት።

ጀማሪ ቤተሰብ ይዛችሁ ቢግ ሀንቲንግ ክሪክ አትውረዱ። ውሃው ጠባብ ነው፣ ዛፉ ከላይ ተደፍቶበታል፣ ሕጉም ሰው ሠራሽ ፍላይ ብቻ፣ የተያዘውን መልሶ መልቀቅ ነው። ሃያ ሰው እዚያ መውረድ ለዓሣውም ለሰውም ቅጣት ነው። ውሃ እንውረድ ካላችሁ በሌላ ቀን፣ ኩሬ ላይ፣ ብሉጊል (ትንሽ የኩሬ ዓሣ) ይሁን። በግንቦትና በሰኔ ብሉጊሎች ጥልቀት በሌለው ዳር ጎጆ ይጠብቃሉ፣ ቁጥር 10 ፖፐር (ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ፍላይ) 20 ጫማ ርቀት ላይ ካረፈ ይመቱታል። ግዛቱ በፈረንጆቹ ሰኔ (ጁን) የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎችና በጁላይ 4 ያለ ፈቃድ ማጥመድ ይፈቅዳል፤ የዓመቱን ቀን አረጋግጡና ከነዚህ አንዱን ያዙ።

ውሃ ውስጥ የሚገባ ካለ የጫማውን ሶል እዩ። ሜሪላንድ የፌልት (ወፍራም የተጠቀጠቀ ጨርቅ) ሶልን በ2011 የከለከለች የመጀመሪያዋ ግዛት ናት። ምክንያቱ ዲዲሞ የሚባለው አልጌ ነው፤ በ2008 ጋንፓውደር ፎልስ ላይ ታይቷል። ፌልት ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ከወንዝ ወደ ወንዝ ያሻግረዋል። የጎማ ሶልም ቢሆን ነጻ አይደለም። በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ጨው በጥብጣችሁ ጫማውንና ዌደሩን (ውሃ የማያስገባውን ሱሪ) ቢያንስ አንድ ደቂቃ ንከሩ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።

የበዓል ዶሮ ላባ ይሆናል፣ ግን ምርጫ አለው። ከገበያ የሚመጣው የስጋ ዶሮ ገና ጫጩት ስለሆነ አንገቱ ላይ ረጅም ላባ የለውም። ከእርሻ የሚገዛ ያደገ አውራ ዶሮ ከሆነ የአንገቱና የጀርባው ላባ ለውሊ በገር ጥሩ ነው። ለስላሳነቱ ውሃ ውስጥ እንዲርገበገብ ያደርገዋል፤ ለደረቅ ፍላይ ግን ያሰምጣል፣ ለእሱ በዘር የተመረጠ ጠንካራ ላባ ይገዛል። ዶሮው ፈላ ውሃ ውስጥ ከመነከሩ በፊት ደረቁን ንቀሉ፤ ከተነከረ በኋላ የሚወጣው ይጣበቃል፣ ይሸታል። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ፣ ጋዜጣ ላይ አድርቁ፣ በታሸገ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት። አውጥታችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩና እንደገና ፍሪዘር፤ የቀረ እንቁላል ካለ በመካከሉ ተፈልፍሎ በሁለተኛው ዙር ይሞታል። ይህን የዘለለ ሰው ቅማሉን ወደ ሌላ ሰው የላባ ሣጥን ይዞ ይገባል፣ ያኔ ነው ስማችን የሚነሣው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ልጆች ከመናፈሻ የጭልፊት ወይም የብሉ ጄይ ላባ ለቅመው ጠረጴዛችሁ ላይ ቢያመጡ አትቀበሉ። በ1918 በወጣው የፍልሰተኛ ወፎች ሕግ መሠረት መሬት ላይ የወደቀውን እንኳ መያዝ ክልክል ነው። የቤት ዶሮና ተርኪ ችግር የለባቸውም።

ባሌ_ዳንካ

ላላ_ሉፕ የጻፍከውን ሁሉ እቀበላለሁ፣ አንድ ነገር ግን ጎድሏል። ሮል ካስት፣ ላይኑን ወደኋላ ሳይዘረጉ ወደ ፊት የሚያንከባልሉበት ውርወራ፣ የት ሄደ? ጀርባው ላይ ዛፍ ላለበት ሰው ከጭንቅላት በላይ ያለው ውርወራ ምን ያደርግለታል? ልጅም ሮል ካስቱን ቶሎ ይይዛል፣ ከኋላ የሚጠበቅ ነገር የለውማ።

ሌላው፣ ጠረጴዛው ጥግ አንድ ካርቶን ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ስቀሉ። የሚያልፈው ሰው "እናንተ አገር ፍላይ አለ እንዴ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በባሌ ተራሮች እነ ወብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ከኬንያ የመጣ ትራውት አለ። ጣና ላይ ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ ላቤዎባርበስ የሚባሉ ዓሦች አሉ፣ ከ15 ዓይነት አያንሱም፤ ስምንቱ ዓሣ በል ስለሆኑ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ስትሪመር የሚገባቸው ናቸው። ሂዱ ብላችሁ ስትመክሩ ግን ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች እንደሚወጡ፣ ያኔ እንዳይነኩም ንገሩ። በወንዞቹ አፍ በመረብ መመናመናቸው ይበቃቸዋል።

ላላ_ሉፕ

@ባሌ_ዳንካ ሮል ካስት ሣር ላይ አይሠራም፣ ለዚያ ነው የተውኩት። ውሃ ላይ የላይኑን ጫፍ የሚይዘው ራሱ ውሃው ነው፤ ሣር ላይ ግን የሚይዘው ስለሌለ ላይኑ ተንሸራቶ እግር ሥር ይከመራል። ጀማሪው ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል። መላው ይህ ነው፦ ወረቀት መያዣ ክሊፕቦርድ ከፊቱ 20 ጫማ ርቀት ላይ አስቀምጡ፣ የሊደሩን ጫፍ በክሊፑ አስነክሱ። ዘንጉን ቀስ ብሎ ወደኋላ ይሳብ፣ ላይኑ ከትከሻው ጀርባ ከዘንጉ ተንጠልጥሎ እንደ እንግሊዝኛው D ፊደል ሲሆን ይቁም፣ ከዚያ ወደ ፊት። ላይኑ ክሊፕቦርዱ ጋ ይዘረጋል። ከስድስቱ ዘንግ አንዱን 8 ዌት ለዚህ አውሉት፤ ከባድ ላይን ለሮል ይመቻል። የስብሰባው ቦታ አጠገብ ኩሬ ካለ ግን ክሊፕቦርዱን ተዉትና ውሃው ዳር አሠሩ፣ ያው ያለ መንጠቆ።

አዘጋጆቹን ደግሞ የፍላይ ፊሸርስ ኢንተርናሽናል የውርወራ አስተማሪ ምስክር ወረቀት ያለው ሰው ይመጣ እንደሆነ ጠይቁ። ድርጅቱ በ1965 ዩጂን፣ ኦሪገን ላይ ከተደረገ ተመሳሳይ የክለቦች ስብሰባ የመነጨ ነው፤ በየአካባቢው ምክር ቤቶች አሉት። እንዲህ ያለ ሰው ጠዋት አንድ ሰዓት ከአምስቱ አስተማሪዎቻችሁ ጋር ቢቆም አምስታችሁም አንድ ቃል ትናገራላችሁ። አንዱ አስተማሪ "ክንድህን" ሌላው "አንጓህን" ሲለው ነው ጀማሪ ግራ የሚጋባው።

ፖቶማክ_ዳር

እግዜር ይስጥልን። የወንዙን ነገር ትተን ለሰኔ ኩሬ አድርገነዋል። ባለሞርሳው፣ አንድ የቀረኝ፦ አራቱም ሞርሳዎች ጠረጴዛ የሚነክሱ ናቸው፣ ባለ እግር አይደሉም። አዳራሹ ውስጥ ያሉት የሚታጠፉ ነጭ የፕላስቲክ ጠረጴዛዎች ናቸው። ችግር አለው?

ባለሞርሳው

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅህ፣ አለው። የእነዚያ ጠረጴዛዎች ጠርዝ ክብና ወፍራም ነው፣ ወደ ታችም ይታጠፋል። የሞርሳው መንከሻ ወይ አይከፈትለትም፣ ወይ ይዞ እየተንሸራተተ ክሩ በተሳበ ቁጥር ይዞራል። አራት ጣውላ አስቆርጥ፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 30 በ40። ሞርሳውን ጣውላው ጠርዝ ላይ አጥብቀህ፣ ጣውላውን ከጠረጴዛው ጋር በሁለት የአናጢ ማጥበቂያ ያዘው። ሞርሳው የተነከሰበት የጣውላ ጠርዝ ከጠረጴዛው 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ፣ አለበለዚያ ከሥሩ ያለው መጠምዘዣ ጠረጴዛውን ይመታል። ለልጆቹ ደግሞ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምር፤ የሞርሳው መንጋጋ ደረታቸው ትይዩ ካልሆነ ክርናቸውን አየር ላይ ይዘው ነው የሚሠሩት፣ አሥር ደቂቃ አይቆዩም።